ሕፃኑን ለማን ትተን ሥራ እንግባ?

ባልና ሚስት ሁለቱም የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሆኑበት ቤት፥ የመጀመሪያው ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ወር አንድ ጥያቄ ሳይጠራ ይገባል። የእናቲቱ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ የቀረው ቀን በጣት ይቆጠራል። ሕፃኑ አንገቱን ማጽናት፥ ፊት አይቶም ፈገግ ማለት የጀመረው ገና አሁን ነው። ሴት ከሆነችማ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሥታ፥ ለድግሱ የተዋሱት ሳህንና ብርጭቆ ለጎረቤት ተመልሶ ሳያልቅ፥ እናቷ ወደ ሥራዋ ልትመለስ የቀራት ዐሥር ቀን ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ልጁን ማን ይያዘው?

ቀድሞ ይህ ጥያቄ አልነበረም ማለት አይደለም፤ መልሱ ግን ከግቢው አይርቅም ነበር። አያት ነበረች፤ ያላገባች አክስት ነበረች፤ ጎረቤቱም ቅርብ ነበርና ሕፃን ከአንዱ እቅፍ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይውል ነበር። ዛሬ አያቲቱ ወይ በገጠር ናት፥ ወይ ራሷ ጡረታ ያልወጣች ሠራተኛ ናት። ወጣቶቹ ባልና ሚስትም በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይተው የጎን ጎረቤታቸውን ስም እንኳ በቅጡ አያውቁትም። ከዚህ የተነሣ የሕፃናት ማቆያ የሚባለው ነገር በአዲስ አበባና በሌሎችም ትልልቅ ከተሞች እየተለመደ መጥቷል። ቪላ ተከራይተው የከፈቱት ግለሰቦች አሉ፤ በመሥሪያ ቤት ግቢ ለሠራተኞች ልጆች የተዘጋጁም አሉ። ስለ እነዚህ ማቆያዎች፥ በተለይም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስለሚደረገው ምርጫ ዛሬ ጥቂት ለማለት አስበናል። ከአንባቢዎቻችን አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸውና፥ ነገሩ ለአንዳንዶቹ ደጃፍ ላይ ደርሷል፤ ለሌሎቹም በመንገድ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሕጉን ነገር እናንሣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የፈቀደላት 60 ቀን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ይህንኑ ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገው፤ ከወሊድ በፊት የሚሰጠውም 30 ቀን እንደነበረ ቆየ። ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ ከፈቃዱ አልፎ፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደነገገ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ አንድ ወር ለአራስ እናት ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ድረስ ከጡት ወተት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳይሰጠው ይመክራል። ስለዚህ ፈቃዱ በሚያልቅበት ቀንና ሐኪሙ በሚመክረው ቀን መካከል የሦስት ወር ርቀት አለ። ይህን ርቀት በአብዛኛው የሚሻገረው ሕፃኑ ራሱ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም መሠረት ሕፃን ከተወለደ በኋላ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል፤ የኩፍኙም ተራ በ9 ወሩ ይደርሳል። 90 ቀን ደግሞ 13 ሳምንት ያህል ነው። እንግዲህ እናቱ ሥራ በገባችበት ቀን ማቆያ የሚገባ ሕፃን የሦስተኛውን ዙር ክትባት ገና ያልወሰደ ነው ማለት ነው። ከብዙ ልጆች ጋር መዋል የሚጀምርበት ሳምንትና መከላከያው ያልተሟላበት ሳምንት አንድ ላይ ይገጥማሉ። ወላጅ ይህን ዐውቆ ቀጠሮውን ሳያሳልፍ ማስከተብ አለበት። ማቆያውም የክትባት ካርድ የሚጠይቅ መሆኑን ይመልከት፤ የእርሱን ልጅ ያለ ካርድ የተቀበለ ቤት የሌሎቹንም ያለ ካርድ ተቀብሏልና።

በስዊድን አገር ወላጆች በአንድ ልጅ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ተካፍለው ስለሚወስዱ፥ ዓመት ያልሞላው ልጅ ማቆያ የሚገባው ከስንት አንድ ነው። እነርሱ ጥያቄውን በፈቃድ ፈትተውታል። እኛ ግን ለጊዜው በማቆያ ልንፈታው ተነሥተናልና፥ ማቆያው ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ለእኛ ከእነርሱ ይልቅ የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው።

ለምርጫ የወጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳውን ነው። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ጆሮ ያለው አይጥ ተሥሏል፤ ወለሉ ላይ ባለቀለም ስፖንጅ ተነጥፏል፤ በበሩ ላይ የተጻፈው ስም የእንግሊዝ ነው፤ በአንድ ጥግ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ የፈረንጅ ልጆች መዝሙር ያሰማል። ባለቤቲቱ በትሕትና ተቀብላ፥ አሻንጉሊቱን አስጎብኝታ፥ ልጆቹ በሁለት ዓመታቸው ኤ ቢ ሲ ዲ እንደሚቆጥሩ አስረድታ ትሸኛለች። ወላጆቹም ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። ለአራት ወር ሕፃን ግን ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ምንም የለም። ቴሌቪዥኑንማ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጭራሽ እንዳይታይ መክሯል። ሕፃኑ የሚያውቀው ሲርበው ማን እንደሚመጣ፥ ሲያለቅስ ማን እንደሚያነሣው ነው። ስለዚህ የማቆያ ጥሩነት የሚታወቀው ከሁሉ አስቀድሞ በሞግዚቶቹ ነው ብለን እናምናለን፤ ይኸውም አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን ትይዛለች፥ በዚያውስ ቤት ምን ያህል ጊዜ ትቆያለች በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች።

ይህን የምንለው ከራሳችን አፍልቀን አይደለም። ማቆያ ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታልና ሌሎች አገሮች በብዙ ኪሣራ የተማሩት ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1844 ፊርማ ማርቦ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ዳርቻ በሻዮ ሠፈር የመጀመሪያውን የሠራተኞች ሕፃናት ማቆያ ሲከፍት፥ ዓላማው በቀን ሥራ የሚያድሩ ድሆች እናቶች ልጆቻቸውን ንጹሕ በሆነ ቤት አውለው፥ በዕረፍታቸው ሰዓት መጥተው እንዲያጠቡ ነበር። እናት ለማጥባት መምጣት የምትችልበት ቦታ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ እንግዲህ የዛሬ ሳይሆን ከመሠረቱ የነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተቋማት ሲመሠረቱ ትኩረቱ ሁሉ በንጽሕና ላይ ሆነ። ጀርም ተፈራ፤ አንሶላው ነጣ፤ ወለሉ ታጠበ። እ.ኤ.አ. በ1945 በቪየና የተወለደው ሐኪም ሬኔ ስፒትዝ ያሳተመው ጥናት ግን ብዙዎችን አስደነገጠ። ስፒትዝ ያነጻጸረው ሁለት ቦታዎችን ነው። አንደኛው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ነበር፤ ምግቡ የተመጠነ፥ ሐኪሙ የማይጓደል፥ ንጽሕናው የሚያስመሰግን ነበር፤ ሆኖም አንዲት አስታማሚ ለሰባትና ለስምንት ሕፃን ትደርስ ነበር፤ በአልጋዎቹም ዙሪያ አንሶላ ተጋርዶ ሕፃናቱ ከጣሪያው በቀር የሚያዩት አልነበረም። ሁለተኛው የወኅኒ ቤት ነበር፤ በዚያ የታሰሩት ሴቶች ልጆቻቸውን በገዛ እጃቸው ያሳድጉ ነበር። በወኅኒ ቤቱ ከነበሩት አንድም አልሞተም። በንጹሑ ማሳደጊያ ውስጥ ግን በሁለት ዓመት ጊዜ ከሕፃናቱ ከሦስት አንዱ የሚበልጠው ሞተ፤ የተረፉትም በንግግርና በእግር ወደ ኋላ ቀሩ።

በርግጥ ማሳደጊያና ማቆያ አንድ አይደሉም። የማቆያ ሕፃን ማታ ማታ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ ያ ትልቅ ልዩነት ነው። የስፒትዝንም አሠራር በኋላ የነቀፉ ሊቃውንት አልጠፉም። ቢሆንም ንጽሕናና ምግብ ብቻቸውን ሕፃን እንደማያሳድጉ ከዚያ ወዲህ ለመካድ የደፈረ ጥቂት ነው።

በዚያው በጦርነቱ ዘመን በለንደን አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም ቤታቸው በቦምብ ለፈረሰባቸውና ለተበተኑ ቤተሰቦች ልጆች መጠለያ ከፍተው ነበር። መጀመሪያ ሞግዚቶቹ ሁሉ ለልጆቹ ሁሉ በየተራ ያገለግሉ ነበር። ኋላ ግን ልጆቹን በትናንሽ ቡድን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሞግዚት ሰጡት። ውጤቱ መጀመሪያ ሁከት ነበር፤ ልጆቹ በሞግዚታቸው ቀኑ፥ ሌላ ልጅ ስታቅፍ አለቀሱ። ይህ ግን ሰው ማግኘታቸውን የሚያሳይ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ንግግራቸውም ጠባያቸውም ፈጥኖ ሲሻሻል ታየ። ስለዚህ ሕፃን ለአንዲት ሞግዚት አድልቶ ወደ ሌላይቱ አልሄድም ቢል፥ «ልጁን አበላሸችው» የሚል የማቆያ ኀላፊ ቢያጋጥም ወላጅ አይስማማ። ያ ልጅ ጤነኛ ነው።

ታዲያ ሕፃን ከእናቱ ሌላ ሰው መልመዱ እናቱን ያስረሳዋል ወይ? ይህ የብዙ እናቶች ድብቅ ፍርሃት ነው። በዚህ ረገድ የመጀመሪያው መልካም ማስረጃ የመጣው ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ የተባለችው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በኡጋንዳ፥ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 እናቶችን በየቤታቸው እየሄደች ተመለከተች፤ መጽሐፏ በ1967 ታተመ። ያየቻቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ከእናታቸው ጋር ጽኑ ፍቅር ነበራቸው፤ ከዚያም ጋር ብዙዎቹ አባትን፥ አያትን ወይም ታላቅ እኅትን ጨምረው ይወዱ ነበር። የሁለተኛው ፍቅር የፊተኛውን አልቀነሰውም። በአሜሪካም የመንግሥቱ የሕፃናት ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በ10 ቦታዎች 1,364 ሕፃናትን ከውልደታቸው አንሥቶ ለብዙ ዓመት ተከታትሏል። ማቆያ መዋል ብቻውን በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ትስስር እንዳላበላሸ፥ የቤተሰቡ ኑሮና ጠባይ ከማቆያው ይልቅ የልጁን አስተዳደግ እንደሚወስን፥ ነገር ግን ሞግዚቲቱ የምታናግረውና የምትመልስለት ልጅ በቋንቋና በማሰብ የተሻለ እንደሆነ ተገኘ። በማቆያ የሚውሉበት ሰዓት እጅግ የረዘመባቸው ልጆች በኋላ ጥቂት የጠብ ጠባይ እንዳሳዩም ያው ጥናት አልደበቀም። ስለዚህ እናት ሥራ በመግባቷ ራሷን የምትወቅስበት ምክንያት የለም፤ ነገሩ የሚያስጨንቀው ማቆያው ክፉ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በእንግሊዝ አገር ሕጉ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሦስት ሕፃናት አንድ ሞግዚት ያዛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ዓመት ላልሞላቸው የሚመክረው ይህንኑ አንድ ለሦስት ነው። ይህ የባለጸጎች ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ እስቲ አብረን እናስላ። የአራት ወር ሕፃን እናቱ ሥራ ላይ በምትውልበት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጠባል፤ አንዱ ጡጦ በሚገባ ታቅፎ ቢሰጥ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ዳይፐሩ አራት ጊዜ ቢለወጥ በያንዳንዱ ከእጅ መታጠቡ ጋር አምስት ደቂቃ ነው። ለአንድ ልጅ 80 ደቂቃ ሆነ። ስምንት ልጆች ለያዘች ሞግዚት ይህ ብቻ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፤ የሥራው ቀን ግን ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ደግ ሴት ብትሆን ወይ ጡጦውን በትራስ አስደግፋ ልጁን ብቻውን ትተዋለች፤ ወይ ዳይፐሩን ሳትለውጥ ታውላለች፤ ወይ እጇን ሳትታጠብ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ሦስት ልጆች ለያዘችው ግን ሥራው አራት ሰዓት ነው፤ የተረፈው ጊዜ ለማቀፍ፥ ለማነጋገር፥ ምንጣፍ ላይ በሆድ አስተኝቶ ለማጫወት ይበቃል። የሞግዚት ክፋት ብለን የምናማርረው ነገር ብዙውን ጊዜ የሒሳብ ጉድለት ነው።

ቁጥሩን ከኀላፊዋ አፍ መስማት አይበቃም። በመዝገብ አምስት ሞግዚት ሊኖር ይችላል፤ አንዷ ወጥ ትሠራለች፥ አንዷ ልብስ ታጥባለች፥ አንዷ ፈቃድ ላይ ናት። ስለዚህ ወላጅ ያለ ቀጠሮ ይሂድ፤ የሚሻለውም ሞግዚቶቹ በየተራ ምሳ በሚበሉበት በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ፥ ወይም ሁሉም በደከመበት በ9 ሰዓት ነው። ያለ ቀጠሮ የመጣን ወላጅ ከበር የሚመልስ ማቆያ ከዚያ በላይ መመርመር አያስፈልገውም። ገብቶ ጥግ ይዞ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ሕፃን ሲያለቅስ ማን ቀና ይላል? ስሙን ጠርታ ነው የምታነሣው? ዳይፐር ስትለውጥ ታናግረዋለች ወይስ ከባልደረባዋ ጋር እያወራች እንደ ጭነት ታገላብጠዋለች? ሕፃናቱ አልጋ ላይ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ይውላሉ ወይ? ሁሉም ጸጥ ያሉበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ቶሎ ደስ አይበለን። የሦስትና የአራት ወር ልጆች የሚውሉበት ቤት ሁሌ ጸጥ አይልም፤ ልጅን ለማስተኛት ሽሮፕ የሚሰጡ አሉ ሲባል መስማታችን አልቀረምና፥ ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒት ለልጃችን እንዳይሰጥ በጽሑፍ ማስፈረም ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሞግዚቲቱ መቆየት ነው። «እዚህ ቤት ስንት ጊዜሽ ነው?» ብሎ ሞግዚቶቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሁሉም የሁለትና የሦስት ወር ከሆኑ ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው ሦስት አራት ሰው ሊፈራረቅበት ነው። ሰው የሚለዋወጠው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ወላጅ በየወሩ ከሚከፍለው ውስጥ ለቤት ኪራይ የሚሄደው ብዙ፥ ለሞግዚት የሚተርፈው ጥቂት ሲሆን ሞግዚቲቱ የተሻለ እንዳገኘች ትሄዳለች። ስለ ደመወዛቸው መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ከግድግዳው ቀለም ይልቅ ስለ ልጁ ዕጣ የሚናገረው እርሱ ነው።

ስለ ጤናው ጥቂት እንጨምር። እናት አልባ የምታመጣው ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል አራት ሰዓት፥ በማቀዝቀዣ ደግሞ አራት ቀን ይቆያል፤ ሕፃኑ ጠጥቶ ያስተረፈው ግን ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም። ይህ ለአዲስ አበባ አየር ብዙ አያስቸግርም፤ ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ላይ ግን ማቀዝቀዣ የሌለው ማቆያ የጡት ወተት ሊቀበል አይችልም። የየልጁ ጡጦ ስም ተጽፎበታል ወይ? የዱቄት ወተት የሚሰጥ ከሆነ ውሃው ፈልቶ፥ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ነው የሚበጠበጠው፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ይሰጣል። ዳይፐር የሚለወጥበትና ወተት የሚዘጋጅበት ቦታ የተለያየ መሆኑን፥ አጠገቡም ውሃና ሳሙና መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ውሃ በሚጠፋበት ቀን የሚጠቀሙበት በርሜል አላቸው ወይ ብሎ መጠየቅም የአዲስ አበባ ሰው ሊረሳው የማይገባ ጥያቄ ነው።

አተኛኘቱ ለብቻው መነገር አለበት። ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ ትራስም፥ ወፍራም ብርድ ልብስም በአልጋው ላይ አይኑር፤ ፊቱም አይሸፈን። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1991፥ በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ይህ ምክር ለሕዝብ በስፋት ከተነገረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በእኛ ዘንድ ብርድና ምች ስለሚፈራ ሕፃኑ በነጠላና በጋቢ ተጠቅልሎ ፊቱም ተሸፍኖ ይተኛል። ደጋግ አሮጊቶች ሲመክሩ የኖሩትን መንቀፍ ደስ የሚል ነገር ባይሆንም በዚህስ አንስማማም። ከዚህም የከፋው ከሰል ነው። በክረምት ክፍሉን ለማሞቅ ወይም ቡና ለማፍላት በተዘጋ ክፍል ከሰል የሚያያዝ ከሆነ፥ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውምና ማንም ሳያውቅ ይገድላል። ከሰል ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ውስጥ የተገኘበትን ማቆያ በዚያው ሰዓት መተው ነው።

«ይህ ሁሉ ምርመራ ከሚበዛ ቤት ሠራተኛ ብንቀጥርስ?» የሚል አለ። በርግጥ በቤት ያለች ሠራተኛ አንድ ለአንድ ናት፤ ጥሩ ሰው ከተገኘችም ለሦስት ወር ልጅ ከብዙ ማቆያ ትሻላለች። ግን እንጀራ እየጋገረች፥ ልብስ እያጠበች፥ ቤት እየጠረገች ከሆነ ለሕፃኑ የሚቀረው ጊዜ ስንት ነው? ብዙ ጊዜም ከገጠር የመጣች፥ ራሷ ገና ልጅ የሆነች፥ ከሕፃኑ በቀር የሚያያትም የሌለ ናት። ማቆያ አንድ የማይናቅ ጥቅም አለው፤ ሞግዚቶች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ምርጫው የየቤቱ ነው፤ ቤት የተቀመጠችውንም በዚያው ሚዛን መመዘን ግን ያስፈልጋል።

ማቆያው ከተመረጠ በኋላ ሕፃኑን በአንድ ቀን አስረክቦ መሄድ ደግ አይደለም። ፈቃዱ ከማለቁ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በፊት እናት ወይም አባት አብሮ ገብቶ አንድ ሰዓት ይቀመጥ፤ በማግሥቱ ለአጭር ጊዜ ወጣ ብሎ ይመለስ፤ እንዲህ እያለ ቀኑ ይርዘም። አባት ያልነው በስሕተት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1156 ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ብቻ መሆኑ ቢያሳዝንም፥ ከዓመት ፈቃዱ ጥቂት ቀን ለዚህ ቢያስቀምጥ ማንም አይከለክለውም። ማታ ሲወስዱትም ሞግዚቲቱ ሕፃኑ በስንት ሰዓት ምን ያህል እንደጠጣ፥ ስንት ጊዜ እንዳረጠበ፥ መቼ እንደተኛ የጻፈችበት ደብተር ይኑር። «ደኅና ዋለ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም።

እስካሁን የተናገርነው ለወላጆች ነው፤ አሁን ግን በመሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጡት ወጣት ሹማምንት አንድ ነገር እንናገራለን። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ18ኛው አንቀጽ የሠራተኛ ወላጆች ልጆች የማቆያ አገልግሎት የማግኘት መብት እንዲኖራቸው መንግሥታት ይጥሩ ይላል፤ በ3ኛው አንቀጽ ደግሞ ሕፃናትን የሚይዙ ተቋማት በደኅንነት፥ በጤና፥ በሠራተኞቻቸው ቁጥርና ብቃት፥ በቁጥጥርም የተወሰነውን ደረጃ እንዲጠብቁ ይጠይቃል። የሠራተኞች ቁጥር የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ በግልጽ መግባቱን ልብ ይሏል። ክፍል ተፈልጎ፥ ቀለም ተቀብቶ፥ ሪባን ተቆርጦ የሚከፈት ማቆያ ይህን ስምምነት ግማሹን ብቻ ይፈጽማል። ክፍሉ በምድር ቤት ወይም ቀድሞ የዕቃ ግምጃ ቤት በነበረ ስፍራ ሆኖ፥ ፀሐይ የማይገባበት ከሆነ ግማሹንም አልፈጸመም። ሞግዚቶቹ በጊዜያዊ ቅጥር በስድስት ወር ውል የሚገቡና የሚወጡ ከሆኑም፥ የፊቱን ሞግዚት የለመደ ሕፃን በመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ሰው ተቀማ ማለት ነው።

የሞግዚት የሥራ መደብ በመዋቅሩ ውስጥ በቋሚነት መያዝ፥ ቁጥሩም ከተመዘገቡት ሕፃናት ጋር እየታየ ከፍ ዝቅ እንዲል ማድረግ፥ አንዷ ስትታመም የምትተካት ተጠባባቂ አስቀድሞ መቅጠር፥ እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት በበጀት ዝግጅት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በስብሰባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሕፃን እናት አትገኝም፤ ብትገኝም አዲስ ሠራተኛ ናትና አትናገርም። ማቆያውም «የሴቶች ጉዳይ» ተብሎ ከአጀንዳው መጨረሻ ይቀመጥና ሰዓት አለቀ ይባላል። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ከዚያ በፊት ወጣቱ ሹም ወደ መሥሪያ ቤቱ ማቆያ ወርዶ፥ ሕፃናቱንና ሞግዚቶቹን ቆጥሮ፥ ሁለቱንም ቁጥር ይዞ ወደ ስብሰባው ይግባ።